ከሆድ የመጣው ትንፋሽ

ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው ማደንዘዣ እሰጣለሁ፤ ተኝቶ ሳለ እኔ እተነፍስለታለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ እቀሰቅሰዋለሁ። ዘመድ ወዳጅ ሲያመሰግን ቢላ የያዘውን ነው የሚያመሰግነው፤ ራስጌ የተቀመጠችውን ሴት የሚያስታውሳት የለም። ለዚህም ግድ አልነበረኝም። ኩታበር ተወልጄ፣ ደሴ ተምሬ፣ መካነ ሰላም የተመደብኩ ዝምተኛ ሴት ነበርኩ። ሕመምተኞቼን የማውቃቸው ተኝተው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከመተኛታቸው በፊት ጥቂት ጥያቄዎች እጠይቃለሁ፤ መቼ በላችሁ፣ የማይስማማችሁ መድኃኒት አለ ወይ፣ ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላችሁ ያውቃል ወይ። ከዚያ በኋላ ወሬዬ ከመሣሪያዎቼ ጋር ነበር።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የምወደው አንድ ነበር። ለምን እንደምወደው እንድትረዱኝ ስለ ጉሮሮ ትንሽ ልንገራችሁ። ጉሮሯችን ውስጥ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ አንዱ ወደ ሆድ። ሰው ሲደነዝዝ በራሱ መተንፈስ ያቆማል፤ ስለዚህ በአፉ በኩል ቱቦ አስገብቼ በዚያ በኩል ኦክስጅን እገፋለታለሁ። ቱቦው ሳንባ ከገባ ሰውየው ይኖራል። ሆድ ከገባና ሳላውቅ ከቆየሁ ይሞታል። ድሮ ይህን የምንለየው በዓይንና በጆሮ ብቻ ነበር። በኋላ ግን ከትንፋሽ ጋር የሚወጣውን ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ መጣልን። ቱቦው ሳንባ ከገባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋዙ ይወጣና በመሣሪያው መስታወት ላይ እንደ ኮረብታ ያለ መስመር ይሳላል። ሆድ ከገባ መስመሩ ጋደም ብሎ ይቀራል። ኮረብታ ካየሁ እፎይ እላለሁ። ያን መሣሪያ እንደ ሰው ነበር የማምነው።

የገበያ ቀን ነበር፣ ረፋዱ ላይ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉን እያሰናዳሁ ሳለ አዋላጇ ሐዋ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«ሰናይት፣ ቶሎ በይ! ደም የሚፈሳት እናት መጥታለች። ብዙ ነው የፈሰሳት!»

ወጥቼ ሳይ አልጋው ላይ የተኛችውን ሴት አወቅኋት። ዘሃራ ናት። ሪያድ አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳ መናኸሪያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍታለች፤ አንድ ሁለቴ ሻሽ ገዝቼባታለሁ። ባሏ እዚያው ሪያድ ሹፌር ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር፣ ስምንተኛ ወሯ። ፊቷ አመድ መስሏል። ከጎኗ እናቷ እትዬ ከድጃ አንድ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

ሐዋ የሕፃኑን የልብ ምት ለመስማት ሆዷ ላይ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ቦታ ቀየረች፤ አሁንም ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝና ራሷን በትንሹ ወዘወዘች። የእንግዴ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ከማሕፀን ተላቋል፤ ሕፃኑ አልፏል፤ አሁን እናቲቱም ልታልፍ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ተረኛ ሰይድ ነበር። የደም ግፊቷን አይቶ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

«ደሴ ትላክ ይሆን?» አለው ከነርሶቹ አንዱ።

«መንገድ ላይ ታልቃለች። እዚሁ ነው» አለ።

ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ አይሞከርም ነበር፤ ያን ያህል ደም የፈሰሰው ሰው ግፊቱ ጨርሶ ይወርድበታል። ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ነበረብኝ። ወደ እናቷ ዞርኩ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ምን በልታለች?»

«ኧረ ምንም! ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፣ ወላሂ! ቃሩ መች ያስበላታል?»

«ውሃስ?»

«ውሃ ተጎንጭታለች።»

በስምንተኛ ወሯ ቃር የሌለባት ሴት የት አለች? ሰምቼ አለፍኩት። አልጋውን ገፋን።

ውስጥ ስንገባ ዘሃራ ዓይኗን ገልጣ ፈለገችኝ። «ሲስተር፣ ከሌሊት ጀምሮ ዝም ብላብኛለች» አለች። ስለ ልጇ ነው። የኦክስጅኑን ጭንብል ፊቷ ላይ አደረግሁና «በደንብ ተንፍሺ» አልኳት። በደንብ ተነፈሰች። መድኃኒቱን ሰጠኋት። እጇ ተዝለፈለፈ።

ሐዋ ከሆዷ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ጉሮሮዋን ከውጭ ተጭናልኛለች። አፏን ከፍቼ ባትሪ ባለው መመልከቻ ወደ ውስጥ አየሁ። ጉሮሮዋ አብጧል፤ ሁሉም ነገር ቀይና እርጥብ ሆኖ ተደባልቋል። የሳንባውን በር ጫፉን ብቻ ያየሁ መሰለኝ። ቱቦውን በዚያ በኩል አንሸራተትኩት፤ ኦክስጅን የያዘውን ፊኛ ጨመቅሁ።

መስታወቱ ላይ ኮረብታ ወጣ። ቀጥ ያለ፣ ረጅም ኮረብታ።

«ገብቷል» አልኩ።

ሰይድ ሆዷን በመድኃኒት ቀብቶ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ቢላውን ይዞ ይጠብቃል። «ልጀምር?»

አዎ ልለው ስል ሁለተኛው ኮረብታ መጣ። ከመጀመሪያው ያጥራል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው አጠረ። ጣቷ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ በየልብ ምቱ ጢው ጢው ይላል፤ ኦክስጅን ሲቀንስ ድምፁ እየወፈረ ነው የሚሄደው። የወፈረ መሰለኝ።

«ቆይ» አልኩት።

«ምን እቆያለሁ? ማሽኑ እያሳየ ነው እኮ!»

«እያነሰ ነው።»

«ያንሳል እንጂ! ደሟ እያለቀ ነው። ልቧ ከደከመ ጋዙን ማን ወደ ሳንባ ያመጣዋል? ሰናይት፣ ልክፈታት፤ ደሙን ካላቆምኩት የሚያድናት የለም።»

ያለው እውነት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ልቡ የደከመ ሰው ጋዙ ይቀንሳል፤ መጻሕፍቱም እንዲሁ ይላሉ። ቱቦው በትክክል ሳንባዋ ውስጥ ከሆነና እኔ ከነቀልኩት፣ በዚያ ባበጠ ጉሮሮ ዳግመኛ ላላገኘው እችላለሁ። ሆዷ ውስጥ ከሆነና ከተውኩት ደግሞ እያየኋት ትሞታለች። በሁለቱም በኩል ሞት ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ሆድ ከሆነ ያ የመጀመሪያው ረጅም ኮረብታ ከየት መጣ? ሆድ ይህን ጋዝ አያወጣም ብዬ ነበር የማውቀው።

ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ድምፅ አለ፤ ግን የሩቅ ነው፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ከጎድኗ ሥር፣ ጨጓራዋ ላይ አደረግሁና ፊኛውን ጨመቅሁ። ድስት ሲንፈቀፈቅ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። እንደዚያ ነበር።

አራተኛው ኮረብታ ጉብታ ብቻ ሆነ። የጣቷ መለኪያ ድምፅ ወፍሮ ወፍሮ ማቃሰት መስሏል።

«ላወጣው ነው» አልኩ።

«ሰናይት!» አለ ሰይድ።

አወጣሁት። ከቱቦው ጋር ነጭ አረፋ ተከትሎ ወጣ፤ እየፈላ፣ እየተንጫጫ። ሐዋ «በስመ አላህ!» ብላ ጮኸች፤ እጇን ግን ከጉሮሮዋ አላነሳችም። አረፋውን በመምጠጫው ሳብኩና ጭንብሉን ፊቷ ላይ በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩ። ሰይድ ቢላውን አስቀምጦ ከዚያ ማዶ እጁን ዘርግቶ ፊኛውን ጨመቀልኝ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ደረቷ በጥቂቱ ከፍ አለ፤ ደገመ።

ትራሱን ከፍ አድርጌ፣ ቀጠን ያለ ቱቦ ይዤ፣ ሐዋን «ትንሽ ላላ አድርጊልኝ» አልኳት። እንደገና ወደ ውስጥ አየሁ። መጀመሪያ ያው ቀይ ነበር። ከዚያ ሐዋ እጇን ስታላላ ሁለቱ ነጫጭ ጅማቶች፣ የድምፃችን በሮች፣ ብቅ አሉ። በመካከላቸው አሳለፍኩት።

ኮረብታ ወጣ። ከመጀመሪያው ጊዜ አጠር ያለ ነበር። ሁለተኛው እኩሉ ሆነ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እኩል ሆኑ። የጣቷ መለኪያ ግን ወዲያው አይሰማም፤ ዘግይቶ ነው የሚያወራው። ሦስታችንም እሱን እየሰማን ቆምን። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ጊዜ አላውቅም። ድምፁ መጀመሪያ መውረዱን አቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መቅጠን፣ መውጣት ጀመረ።

«ጀምር» አልኩት።

ሰይድ ቆረጠ። ሕፃኗ ወጣች። ሐዋ በጨርቅ ጠቅልላ እኔ በተቀመጥኩበት በራስጌው በኩል ይዛት ስታልፍ አየኋት። ከዚያ ደሙን ለማቆም ረጅም ትግል ነበር። ዘመዶቿና ጎረቤት ባለሱቆች ከገበያው ተሯሩጠው መጥተው ደም ሰጡ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ማሕፀኗ ተረፈ። ከቀትር በኋላ ዘሃራ በራሷ መተንፈስ ጀመረች፤ ቱቦውን አወጣሁላት።

እጃችንን ስንታጠብ ሰይድ ሳያየኝ «እንዴት አወቅሽ?» አለኝ።

«አላወቅሁም። ሆዷን ሰማሁት።»

«ታዲያ ጋዙ ከየት መጣ?»

መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብለን ሄደን ፈተሽነው። ሰይድ አፉን አስጠግቶ ተነፈሰበት፤ ልክ ነው። እኔም ተነፈስኩበት፤ ልክ ነው። መሣሪያው ምንም አልሆነም።

ወደ ውጭ ወጣሁ። እትዬ ከድጃ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሐዋ ስለ ሕፃኗ አስቀድማ ነግራቸዋለች። የዘሃራ አጎቶች ትንሿን አስከሬን ተቀብለው ከአሱር ሶላት በፊት ሊቀብሯት ሄደዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ልጅዎ ደህና ናት፣ እትዬ። ነቅታለች።»

«አልሃምዱሊላህ። አላህ እጅሽን ይባርከው።»

ከዚያ ጠየቅኋቸው። «ከመምጣታችሁ በፊት የጠጣችው ውሃ ብቻ ነበር?»

ጣታቸው ሙስበሃው ላይ ቆመ። «ለቃሩ ሶዳ በጥብጬ ሰጥቻታለሁ፤ የዳቦ ሶዳ። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠጣው ነበር። እዚህ በር ላይ ስንደርስ እንኳ ‹ልቤን አቃጠለኝ› አለች፤ በሃይላንድ የያዝኩትን ቀሪውን ጨለጠችው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ምነው? ሶዳው ነው ልጂቷን የገደላት? ንገሪኝ! እኔ ነኝ?»

«አይደለም እትዬ» አልኳቸው። «ልጂቷን የወሰዳት የእንግዴ ልጁ መላቀቅ ነው። ሶዳው እሷን አልነካትም። ይህን በእግዜር ስም ነው የምነግርዎት።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ዓይናቸው ቀሪውን ይጠብቃል፤ ቢደበቃቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚጠረጥሩ ሴት መሆናቸውን አየሁ።

«ሶዳ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አይተዋል?»

«አረፋ ይላል። ይፈላል።»

«የሰው ጨጓራም እንደ ሎሚው ነው፤ ኮምጣጣ ነው። ቃር የሚለን እሱ ነው። ሶዳው እዚያ ሲደርስ እንደዚያው ይፈላል። ከአረፋው የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ከሳንባችን የሚወጣው ጋዝ ራሱ ነው፤ ልዩነት የለውም። ቱቦዬ መጀመሪያ ሆዷ ነበር የገባው። ማሽኑ የሆዷን አረፋ ለካና ትንፋሽ አስመሰለብን።»

«ታዲያ ማሽኑ ዋሸ?» አሉ።

«አልዋሸም። ጋዝ አለ አለ፤ ጋዝ ነበረ። ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም።»

«እኔም አልዋሸሁሽም፣ ልጄ» አሉኝ። «ምን በላች አልሽኝ። አልበላችም።»

ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው እንደ ሆነው መናገራቸው ነው። ለእሳቸው ሶዳ ምግብ አይደለም፤ መድኃኒትም አይደለም። ውሃ ነው፣ ትንሽ ዱቄት ያለበት ውሃ። እኔ በሆስፒታል ቋንቋ ጠየቅሁ፤ እሳቸው በቤታቸው ቋንቋ መለሱ። በሁለቱ መካከል ልጃቸው ልታልፍ ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዬ ተቀይሯል። ምን በላህ ብዬ አላቆምም። ቃር አለብህ? ሲያቃጥልህ ምን ትወስዳለህ? ሶዳ? አምቦ ውሃ? ተልባ? ጎረቤት የሰጠችህ ነገር አለ? አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዱ አዛውንት «ልታገቢኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትመረምሪኝ?» ብለውኛል። እናንተም ወይ ዘመዳችሁ እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ስትተኙ፣ ባትጠየቁም ተናገሩ። በጉሮሯችሁ የወረደውን ሁሉ፣ ምንም የማይመስለውን እንኳ፣ ተናገሩ። ምን እንደሚጠቅመንና ምን እንደሚያሳስተን አስቀድማችሁ አታውቁም፤ እኛም ሁሉን አናውቅም። መሣሪያውን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ሳይኖር መሥራት አልፈልግም። ግን አንድ ኮረብታ አይቼ እፎይ አልልም። ደጋግሞ መምጣቱን እጠብቃለሁ፤ ያን ጊዜም ሰውየውን አየዋለሁ።

እኔን የለወጠኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ሐዋ «ዘሃራ ትፈልግሻለች» አለችኝ። ሄድኩ። ከአልጋዋ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነው። እናቷ ልብስ ሊያጥቡ ወጥተዋል። ቁስሏ እንዴት እንደሆነ፣ ጉሮሮዋ ያማት እንደሆነ ጠየቅኋት። ስልኳን አነሳችው።

«አባቷ በቀን ሦስቴ ይደውላል» አለች። «‹ማንን ትመስላለች?› ይለኛል። ምን ልበለው? አላየኋትም። እናቴን ስጠይቃት ታለቅሳለች። አጎቶቼ ‹ተይው፣ አታስቢው፣ አላህ ይተካል› ይሉኛል። አንቺ ግን ራስጌዬ ነበርሽ አሉ። እኔ ስተኛ አንቺ አልተኛሽም። አይተሻታል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሳስተኛ ከሕይወቱ ላይ የተወሰነ ሰዓት እወስዳለሁ፤ እዚያ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሆነ እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ፤ ይዤው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። መመለስ እንዳለበት አስቤ አላውቅም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የራሷን ነገርኳት። ቱቦው የት እንደገባ፣ ሶዳው እንዴት እንደፈላ፣ ከንፈሯ እንዴት እንደጠቆረ። ሳትንቀሳቀስ ሰማችኝ። «ሞቼ ነበር ማለት ነው?» አለች። «አልሞትሽም። ቀርበሽ ነበር» አልኳት።

«እሷስ?»

«ፀጉር ነበራት» አልኩ። «ብዙ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ግንባሯ ላይ የተኛ።»

ዘሃራ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ። አንድ እጇ ከጨርቁ ወጥቶ ነበር፤ ሐዋ መልሳ አስገባችው። ቀስ ብላ ነው የያዘቻት፣ በሕይወት እንዳለ ልጅ። አገጯ ላይ ሰርጎድ ያለ ነገር ነበረ።»

«የሱ ነው!» አለች። «አገጩ! የአባቷ ነው!» ከዚያ አለቀሰች፤ ከመጣች ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር ብላኛለች ሐዋ። እኔም አላልቅስ ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ አልሆነልኝም።

ስልኩ ጠራ። መስታወቱ ላይ በሥራ ልብሱ የተነሳው የሰውየው ፎቶ ታየ። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ብቻቸውን ልተዋቸው ብዬ ስነሳ ጋወኔን ያዘችኝ።

«ተቀመጪ» አለችኝ። «የረሳሁት ካለ አንቺ ትነግሪዋለሽ።»